የእኔ ያልነበረው ሁለት ወር

ሥራሽ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው አንድም ቀን ቁርጥ ያለ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ባንክ ሄጄ ቅጽ ስሞላ «ጸሐፊ» እላለሁ። መታወቂያዬ ላይ «የማኅበር ሠራተኛ» ተብሎ ተጽፏል። የሰፈሬ ሰዎች ደግሞ «ቢሮ ለቢሮ የምትዞረዋ» ይሉኛል፤ ከሁሉም ለእውነት የሚቀርበው እሱ ነው። ትክክለኛው ስም ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። ነገር ግን ይህን ቃል የሰማ ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ቦርሳዬን ያያል፤ ጉቦ የማቀብል ይመስለዋል። እኔ በሥራ ዘመኔ ለባለሥልጣን ያቀበልኩት ወረቀት ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን በመዝገብ ቤት በኩል፣ የገቢ ቁጥር ከተሰጠው በኋላ።

የድሮ ሰው ቢሆን ደጅ ጠኚ ይለኝ ነበር። ይህ ስም አይከፋኝም፤ ደጅ ጠንቻለሁ። የጠናሁት ግን ለራሴ ሹመት አልነበረም። ሽመል የሚባለውን የቆላ ቀርከሃ የሚቆርጡ፣ ማንጎ የሚያለሙ፣ ቀፎ የሚሰቅሉ ሰዎች ነበሩ የላኩኝ። እነሱ ሥራቸውን ጥለው አሶሳ ቢመጡ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብለው ይመለሳሉ። እኔ ግን ስብሰባው የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያልቅና ኃላፊው በየትኛው በር እንደሚወጣ አውቅ ነበር።

ባለፈው ክረምት ጡረታ ወጣሁ። የአምራቾች ዩኒየናችን ጋቢ አልብሶ፣ ንግግር አድርጎ፣ ለስላሳ አጠጥቶ ሸኘኝ። በእኔ ቦታ የሕግ ምሩቅ የሆነች ልጅ ተቀጥራለች፤ የሥራ መደቡም ተቀይሮ «የአድቮኬሲ ባለሙያ» ተብሏል። ደመወዙም ስሙን ተከትሎ ከፍ ብሏል፤ ደግ ነው፣ ይጨመርላት። ርክክብ ስናደርግ ልጅቷ ሦስቱን ፋይሎቼን አገላብጣ «እትዬ ተዋቡ፣ የሥራ መመሪያ ምናምን የለም እንዴ? በምን ነበር የሚሠሩት?» አለችኝ። ሳቅኩና «በእግሬ» አልኳት። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ልጅቷ የጠየቀችው ቁም ነገር ነው፤ ቀልድ አይበቃውም። ይህን የምጽፈውም ለእሷ ነው።

አሶሳ የመጣሁት በደርግ ጊዜ፣ በሰፈራ፣ ከወሎ ነው። ያሰፈሩን መንደር ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ነበረው። አምባ ስምንት ይባላል። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ስለነበር ከሰፋሪው መሐል ጣቴ ለጽሕፈት መኪና የሚሆን ተብዬ ተመረጥኩ። የሰፈራ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የዱቄትና የዘይት ዝርዝር ስመታ፣ ቀጥሎ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ስሆን ዓመታት ሄዱ። ደርግ ወደቀ፤ ክልል ተባለ፤ አሶሳ ዋና ከተማ ሆነችና ቢሮዎች እንደ እንጉዳይ ፈሉ። ያን ጊዜ ነው የአካባቢው አምራቾች፣ ነባሩ በርታም ሰፋሪውም፣ አንድ ላይ ዩኒየን ያቋቋሙት። ቢሮ ሲበዛ ቢሮ የሚያንኳኳም ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው አንኳኳይ ኡስታዝ ኸሊፋ ነበሩ። እኔ የተቀጠርኩት የእሳቸውን ማመልከቻ በመኪና እንድመታ ነው። ኡስታዝ የበርታ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ሱዳን ድንበር ኩርሙክ ድረስ በአህያ ጨው የነገዱ፣ ኋላም ልጆች ቁርአን ያስተማሩ። አማርኛን የተማሩት ጎልምሰው ስለሆነ ወንድና ሴት አይለዩበትም ነበር። እኔን ከተዋወቅን ቀን ጀምሮ እስከ መጨረሻው «አንተ» ነው የሚሉኝ። መጀመሪያ ይገርመኝ ነበር፤ በኋላ ሰው ሁሉ «አንቺ» ሲለኝ የእሳቸው «አንተ» የተለየ የፍቅር ስም ሆነብኝ። አሁን እንዲያ የሚጠራኝ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው፤ የእሳቸው ይናፍቀኛል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩትን ማመልከቻ ኩራት እየተናነቀኝ አሳየኋቸው። ስለ ማንጎ ተባይ ነበር። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ፣ ምን ያልጨመርኩበት ነገር አለ!

«ተዋበች፣ አንተ ጥሩ ጻፍክ፣ ወላሂ» አሉኝ። «ግን ሁለት ገጽ ነው። ሰውዬው አንድ ገጽ ያነባል። ሁለተኛ ገጽ፣ ሻይ ያስቀምጥበታል።»

ቀደድኩት። ከዚያ ወዲህ አንድ ገጽ ያለፈ ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ይኸው ዛሬ ጡረታ ስወጣ ነው ብዕሬ የተፈታው።

የኡስታዝ አሠራር በየትኛውም ሥልጠና ላይ ሲነገር አልሰማሁም። ቢሮ የሚደርሱት በሩ ሳይከፈት ነው። ከጥበቃው ጋር ቆመው ስለ ልጆቹ ትምህርት ይጨዋወታሉ፤ የልጆቹን ስም አንድ በአንድ ያውቃሉ። ቀጥሎ መዝገብ ቤት ይገባሉ። ባለሙያዋን ሰላም ሳይሉ ወደ ኃላፊው አይሻገሩም። እኔ አንድ ቀን ተቻኩዬ ቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ልገባ ስል ክንዴን ያዙኝና «ወረቀት እግር የለውም። እግሩ እዚህ ነው ያለው» ብለው ወደ መዝገብ ቤት መለሱኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ኃላፊ ይቀያየራል፣ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ግን አራት ኃላፊ ሸኝታ እዚያው ነበረች።

ባዶ እጃቸውንም አይሄዱም። ጉዳዩ የማንጎ ከሆነ ተባይ የወረረውን ቅጠል፣ የማር ከሆነ ሰሙን በጋዜጣ ጠቅልለው ይይዛሉ። ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ግን አያስቀምጡትም። አጠገባቸው ካለው ወንበር ላይ ያኖሩትና ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ። ኃላፊው ዓይኑ እየሄደበት፣ እየተመለሰ፣ መጨረሻ ላይ «ኡስታዝ፣ ምንድን ነው እሱ?» ይላል። ያን ጊዜ ቀስ ብለው ይፈቱታል። ራሱ ጠይቆ ያየውን ነገር ማንም አይረሳም ይሉ ነበር።

ከባለጉዳይ ደግሞ አይበሉም። ማንጎ ነፍሳቸው ነው፤ በወቅቱ የአባሎቻችን ግቢ ስንገባ ዛፉ ጎንበስ ብሎ ለአፋቸው ይደርሳል። አይነኩትም። ስንወጣ መንገድ ዳር ካለች ሻጭ ገዝተው፣ እጀታቸውን ሰብስበው፣ ጭማቂው እስከ ክርናቸው እየወረደ ይበሉ ነበር። እኔም አብሬያቸው። የዚያን ማንጎ ጣዕም ከየትም አላገኘሁትም።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሁለቱ ልማዶቻቸው ናቸው። ወደ ስብሰባ ከመሄዳቸው በፊት ባለጉዳዮቹ መንደር ድረስ ሄደው ዛፍ ሥር ይቀመጡና «ምን ልስጥ? ምን አልስጥ?» ብለው ይጠይቃሉ። መንግሥት ፊት የሚቀርብ ሰው አንድ ነገር ማስቀረቱ አይቀርምና፣ የሚቀረውን ባለቤቱ ይምረጥ ነው ነገሩ። ሰዎቹ በበርታኛ ሲከራከሩ ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ እሳቸው መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ይጠብቃሉ። ሁለተኛው፣ ከስብሰባ እንደወጡ ምሳ እንኳ ሳይቀምሱ፣ በዚያው ቀን፣ የሆነውን ለባለጉዳዮቹ ይናገራሉ። መጥፎው ይቀድማል። ደስ የሚለው ቢያድርም አይበላሽም ይላሉ።

የኩርሙክን ጉዞ ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል። ወደ ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ወንዝ ነበር፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር የአባሎቻችን ጭነት እዚያ ይቀራል። መሻገሪያ ይሠራልን ብለን ሦስት ጊዜ ጻፍን፤ ሦስት ጊዜ «በዕቅድ ተይዟል» ተባልን። ኡስታዝ አንድ ቀን ኃላፊው ዘንድ ገቡና ኩርሙክ የአባላት ስብሰባ እንዳለ ነግረው፣ «አብረን እንሂድ፣ በኛ መኪና» አሉ። ሰውየው ጨዋታ ወዳድ ስለነበር እሺ አለ። የኛ መኪና ማለት ሳሙናና ስኳር የጫነ አይሱዙ ነው። መንገዱን ሙሉ ኡስታዝ ስለ ፍየሎቻቸው ሲያወሩ ሄዱ። ወንዙ ጋ ስንደርስ መኪናው ሰጠመ፤ ሁላችንም ወረድን፤ ኃላፊውም ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ እየሳቀ ገፋ። በኋላ ግን ሳቁ ቆመ። ሰዎች አንዲት ነፍሰ ጡር ከወንዙ ማዶ በቃሬዛ ይዘው ውሃው እስኪጎድል ሲጠብቁ አየ። ኡስታዝ ስለ መንገዱ ትንፍሽ አላሉም፤ ስንመለስም ወሬያቸው ያው ፍየል ነበር። መሻገሪያው በቀጣዩ በጋ ተሠራ።

«ለምን አንድ ቃል አልተናገሩም?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አንተ ስትናገር መንገድ ዝም ይላል» አሉኝ። «አንተ ዝም ካልክ፣ መንገዱ ራሱ ይናገራል።»

እንዲህ እያልን ፓዌም ወርደናል፣ አዲስ አበባም ወጥተናል። ፓዌ ያሉ ሰፋሪዎች እንደኔው የደገኛ ልጆች ናቸውና ሲናደዱ ይጮኻሉ፤ ሰዎቹ ሲጮኹባቸው ኡስታዝ ደስ ይላቸው ነበር፤ የሚጮኽ ሰው የሚፈልገውን ያውቃል ይላሉ። እሳቸውን ያስጨንቋቸው የነበሩት ዝም የሚሉት ናቸው።

ከዚያ የኡስታዝ ዓይን ደከመ። ወረቀት በማጉያ ማንበብ ጀመሩ፤ ቀጥሎ እኔ ማንበብ ጀመርኩላቸው፤ በመጨረሻም ቤታቸው ተቀመጡ። ቦታቸው ለኔ ተሰጠኝ። ስሜም ወጣ። ኃላፊዎች ሲያዩኝ ከወንበራቸው ይነሳሉ፤ ስብሰባ ሲጠራ ስሜ ከላይ ይጻፋል። ልቤ ማበጡን አሁን ነው የማውቀው። ባለጉዳዮቹ መንደር መሄድ ቀነስኩና በስልክ ተካሁት። ጉዳያቸውን ከእነሱ በላይ የማውቅ መሰለኝ።

ያኔ ነው የሐዋ ጉዳይ የመጣው።

ሐዋ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ካለ መንደር የአሥራ ሁለት ሴቶች የሽመል ማኅበር መሪ ነበረች። የበርታ ሴት ናት፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥቂት ተናጋሪ፤ አማርኛዋ እንደ ኡስታዝ ነው፣ እሷም «አንተ» ትለኛለች። ሽመል የሚያውቅ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ እንደሷ ያለ ግን አላየሁም። ሦስት ዓመት ያልሞላውን አትነካም። የቆንጨራውን ጀርባ አገዳው ላይ ኳ ታደርግና ጆሮዋን ትሰጣለች፤ የደረሰ ሽመል ድምፁ ደረቅ ነው፣ ለጋው ግን የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ለጋው ውስጡ ጣፋጭ ስለሆነ ነቀዝ ቶሎ ይገባዋል። የደረሰውም ቢሆን ተቆርጦ ብዙ መቆየት የለበትም፤ የሚቆይ ከሆነ ወራጅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ያን ጊዜ ነቀዝ አይደፍረውም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እሷ ናት። የነገረችኝ ግን ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ቀድሜ አልጠየቅኳትማ።

ማኅበሩ በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ካለ አንድ የሽመል ዕቃ አምራች ድርጅት ጋር ተዋዋለ። ሴቶቹ የመቁረጫ ፈቃድ አውጥተው፣ ኅዳርን ሙሉ ቆርጠው፣ መንገድ ዳር ከመሩት። ያ ክምር የአሥራ ሁለት ቤት የዓመት እንጀራ ነበር። ከተሳካ ድርጅቱ በየዓመቱ ሊወስድ ነው፤ ካልተሳካ ሌላ ገዢ የላቸውም። መኪናው ሊመጣ ሲል አዲስ መመሪያ ወጣ፤ ጥናት እስኪደረግ ድረስ ማንኛውም ሽመል ኬላ እንዳያልፍ ተከለከለ። ምክንያቱ ክፉ አልነበረም። ያለፈቃድ ደኑን የሚጨፈጭፉ ነጋዴዎች ነበሩና እነሱን ለመያዝ ነው። መረቡ ግን ሐዋንም ያዘ።

ጉዳዩን የያዘው ቢሮ ኃላፊ ጌታሁን ይባላል። ጌታሁን የአምባ ስምንት ልጅ ነው። እኛ እዚያ በሰፈርን በመጀመሪያው ዓመት ወባ ስትጥለኝ፣ ወገኖቼም ታመው በየአልጋቸው ሲወድቁ፣ ጌታሁንን በጀርባዋ አዝላ ገንፎ ያጎረሰችኝ እናቱ ናት። ዛሬም ስሟን ሳነሳ ዓይኔ ይሞላል። ስለዚህ ስብሰባ ሲጠራኝ ደስ አለኝ። የራሴ ልጅ ነው፣ በሩም የራሴ በር ነው አልኩ። «ምን ልስጥ፣ ምን አልስጥ» ብዬ ለመጠየቅ መንደር ድረስ መሄድ አላስፈለገኝም።

ስብሰባው ሰው በሰው ነበር። ጌታሁን ተነስቶ ወንበር ሳበልኝ። ንግግሬን አዳመጠ፤ ሽመሉ በሕጋዊ ፈቃድ የተቆረጠ ስለሆነ ይለቀቅ አልኩ። ጥሩ ተናገርኩ፤ አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጌታሁን ወደኔ ዘንበል አለና፣

«እትዬ ተዋቡ፣ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው» አለኝ። «ግን መመሪያው ከወጣ ሳምንቱ ነው። ዛሬ አንዱን ባሳልፍ ነገ ሌላው ይሰለፍብኛል። ሁለት ወር ብቻ ታገሱኝ። አንቺ እንኳን ብትረጂኝ!»

ሰው ሁሉ አየኝ። ያ ሕፃን በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ታየኝ። በዚያ ላይ አስተዋይ መባል እፈልጋለሁ፤ ችክ የምትል ሴት መባል አልፈልግም። «ሁለት ወር? ችግር የለም» አልኩ።

ችግር የለም! ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቃለ ጉባኤው ላይ ወዲያው «የዩኒየኑ ተወካይም ተስማምተዋል» ተብሎ ተጻፈ፤ ፈረምኩበት።

ሁለት ወር ሽመልን ምን እንደሚያደርገው አላውቅም ነበር። ይህ አንዱ ጥፋቴ ነው፤ ግን ትልቁ ይሄ አይደለም። በዚያው ቀን ሐዋ ዘንድ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። የሄድኩት በአራተኛው ቀን ነው። ክምሩ አጠገብ ቆማ አገኘኋት።

«መንገድ መቼ ይከፈታል?» አለችኝ።

«ቅርብ ነው።»

«ቅርብ ስንት ነው? ሳምንት ነው? ወር ነው?»

«ቅርብ ነው አልኩሽ እኮ፣ ሐዋ።»

ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች። ያኔ ገና ውሃ ነበረው። «ወር ከሆነ፣ ሽመል ውሃ ይገባል። ሴቶች እጠራለሁ» አለች።

ሁለት ወር ነው ብል ማን ተስማማ ትለኛለች። እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። «አያስፈልግም፣ አትድከሙ» አልኳትና መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። አመነችኝ። ኡስታዝ የላኩት ሰው ዋሽቶ አያውቅምና ለምን አታምነኝ!

ታኅሣሥ አለፈ፤ ጥር ገባ። ነገሩ እንቅልፍ ሲነሳኝ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ኡስታዝ ቤት ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ከዚያ ወዲያ አያይም፤ በኮቴዬ ለዩኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ይሉኝታዬ፣ ስለ ጌታሁን እናት፣ ስለ ቃለ ጉባኤው። ይቆጡኛል ወይም ያጽናኑኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ለሐዋ ተናገርክ?» አሉኝ።

«አልተናገርኩም።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠራለህ? ሂድ።»

ሻይ እንኳ አላሉኝም። እሳቸው እንግዳ በባዶ ሆድ ሲሸኙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በቀጥታ ወደ መንደሩ ሄድኩ። ወንዙ ደርቆ አሸዋው ይታያል። ክምሩ ከሩቅ ሲያዩት ደኅና ነው። ሲቀርቡት ግን ሥሩ ላይ ዱቄት የመሰለ ነገር ነጭ ሆኖ ተነጥፏል። ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ሐዋ አንድ አገዳ አንስታ በእጇ ቀጭ አደረገችው፤ ወፍራም የነበረው ሽመል ያለ ድካም ተሰበረ፤ ውስጡ ሁሉ ብናኝ ነው።

ቆሜ ተናገርኩ። ሁለት ወር የተስማማሁት እኔ ነኝ፣ ቅርብ ነው ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ አልኩ። አንዷ ለሌሎቹ በበርታኛ አስረዳቻቸው። ማንም አልጮኸብኝም። ቢጮኹብኝ ደስ ባለኝ።

ሐዋ የተሰበረውን አገዳ እግሬ ሥር ጣለችው። «ሽመል የኔ ነው» አለች። «ሁለት ወር የኔ ነው። አንተ ለምን ሰጠህ?»

ወደ መኪናዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ ልመና ይዤ መጣሁ፤ ለራሴ ይቅርታ ሳይሆን፣ ከኔ ጋር ቢሮ ድረስ እንድትመጣ። ቀርታ ቢሆን አልፈርድባትም ነበር። መጣች። የተበላውን ሽመል በነጠላዋ አስራ ያዘች። ጌታሁን ፊት በበርታኛ ተናገረች፤ የቢሮው አንድ ሠራተኛ ተረጎመላት። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ስትጨርስ እስሩን ፈትታ አገዳውን ወለሉ ላይ ኳ ኳ አደረገችው። ዱቄቱ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

ጌታሁን ጎንበስ ብሎ ዱቄቱን በጣቱ ነካ። «ይሄ ለምን ቀድሞ አልተነገረኝም?» አለ።

«በኔ ነው» አልኩ። «እኔ ስላልጠየቅኳቸው ነው።»

መመሪያው በሁለት ሳምንት ውስጥ ተሻሻለ። በፈቃድ የተቆረጠ ሽመል ይለፍ ወረቀት ካለው ሳይውል ሳያድር ኬላ እንዲያልፍ ተባለ። ዛሬ በዚያ መንገድ ሽመል የሚያወርዱ ማኅበራት በሙሉ የሚጠቀሙት በዚያ አንቀጽ ነው። በሥራ ዘመኔ ካስፈጸምኳቸው ጉዳዮች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ጋቢ ሲያለብሱኝም በንግግር ያነሱት እሱን ነበር። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ።

ማኅተምና ቲተር ያረፈበትን ደብዳቤ ራሴ ይዤ ለሐዋ ወሰድኩላት። ግማሾቹ ሴቶች ወርቅ ማጠብ ሄደው ነበር፤ ግማሾቹ ጾሬ የስደተኞች ካምፕ አካባቢ የቀን ሥራ ይዘዋል። ገዢው ድርጅት ውሉን ትቶ ከሌላ አካባቢ መውሰድ ጀምሯል። ሐዋ ደብዳቤውን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። አነበብኩ። ድገም አለችኝ፤ ደገምኩ።

«ጥሩ ወረቀት ነው» አለች። «እኛ ጋ ሽመል የለም አሁን። ላለው ሰው ስጥ።»

ማኅበሩ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ኡስታዝም በቀጣዩ ዓመት አረፉ፤ አላህ ይማራቸው። ከመሞታቸው በፊት «ሐዋ እንዴት ነው?» ብለው ደጋግመው ይጠይቁኝ ነበር፤ ስለኔ ግን አንድም ጊዜ አልጠየቁኝም። እኔም ከዚያ ወዲህ መንደር ሳልሄድ ስብሰባ ገብቼ አላውቅም። ጉልበቴ እየታመመም፣ መኪና ሲጠፋ በባጃጅ፣ ባጃጅ ሲጠፋ በእግሬ ሄጃለሁ። ለአዲሷ ልጅም «በእግሬ» ያልኳት በቀልድ ቢሆንም ውሸት አልነበረም። የማስተምራት ሌላ ነገር የለኝም፤ ሂጂና ጠይቂያቸው፣ ከዚያ ተመለሺና ንገሪያቸው፣ በዚያው ቀን።

ሐዋ አሁን አሶሳ ገበያ ለውዝ ትሸጣለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሷ ነው የምገዛው። ሰላም እንባባላለን፤ ስለ ልጆች ጤና እንጠያየቃለን። ስለ ሽመሉ ግን በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ቃል አንስታብኝ አታውቅም። እኔም ፈርቼ አላነሳሁባትም። ለውዙን ሰፍራ ስትሰጠኝ ቀና ብዬ ዓይኗን ማየት ይከብደኛል።

ጡረታ በወጣሁ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሄድኩ። ሰው ከሌላ ከመስማቷ በፊት ራሴ ልነግራት ፈለግኩ።

«ሐዋ፣ ሥራ ለቀቅኩ» አልኳት።

«ቢሮ አትሄድም?»

«ከእንግዲህ አልሄድም።»

ጣሳውን ሞልታ ዘንቢሌ ውስጥ ገለበጠችው፤ በእጇ ደግሞ ጨመረችበት። ከዚያ ቀና ብላ ፊቴን እያየች፣

«ለስንት ነው?» አለችኝ። «ለሁለት ወር?»

ደነገጥኩ። እሷ ግን አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ትስቃለች። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ እንባዬም አብሮ ወረደ።

«አይደለም» አልኳት። «ይሄኛው የራሴ ነው።»